ራዳሩ አይቶታል፤ ቀኑን የሳትኩት እኔ ነኝ

ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ቶርኔዶ (ተሽከርካሪ አውሎ ነፋስ) የዳላስ ጎረቤት የሆነችውን ጋርላንድን፣ ቴክሳስን ሲመታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፍራሽ ከላያችን ደርበን ተቀምጠን ነበር። 10 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ የነበሩ። ጨልሞ ስለነበር ምንም አላየንም። ከዓመታት በኋላ "እስቲ የአየር ሁኔታ ራዳሩ ምን አይቶ ይሆን?" ብዬ ተነሣሁ።

የራዳሩ ፋይሎች በነፃ ይወርዳሉ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋና የራዳር ፋይል የሚያነበውን ፓይ-አርት የሚባል ፕሮግራም ለመጫን ግማሽ ቀን በቃኝ።

ጉድ የሠራኝ ሰዓቱ ነው። አደጋው የደረሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 6:45 ገደማ ነው፤ በእኛ 12:45 መሆኑ ነው። ራዳሩ ደግሞ የሚመዘግበው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በብርድ ወራት ከዳላስ በ6 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ፋይሉ 00:45 ይላል። የሐበሻ ሰዓቴ ከግሪንዊች ጋር ገጠመልኝ! በዚህ ተኩራርቼ የ26ን ፋይል ከፈትኩ። ባዶ። የጎረቤት ራዳር ሞከርኩ፤ ባዶ። አራት ቅዳሜ አለቀ። ለአንድ ቢሮ ኢሜይል ብጽፍ ሠራተኛው "መመሪያውን ያንብቡ" ብሎ የመቶ ገጽ ሰነድ ላከልኝ። አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት ወንድሜ? እኔም ብሼ፣ ቡና ላይ "ራዳሩ ጭራሽ አላየውም" ብዬ አወራሁ።

በግሪንዊች እኮ ዕለቱ ተቀይሯል! በብርድ ወራት ዳላስ ላይ በፈረንጅ ከምሽቱ 6 ሰዓት ያለፈ ነገር ሁሉ የሚገኘው በማግስቱ ቀን ነው። የ27ን ስከፍት ቁጭ ብሏል። (በሙቀት ወራት ሰዓታቸውን ሲቀይሩ የሐበሻው ሰዓትም በአንድ ይዛነፋል፤ አትመኑት።)

ማስተማሪያዎቹ ሁሉ መጀመሪያ የዝናቡን ምስል ክፈቱ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈውን ጭራ ፈልጉ ይላሉ። እኔ አልስማማም። መንጠቆው በዝናብ ሊሸፈን ይችላል። የነፋስ ፍጥነቱን አስቀድሙ፤ ወደ ራዳሩ የሚመጣው አረንጓዴ፣ ከራዳሩ የሚርቀው ቀይ ነው። ራዳሩ ከፎርት ወርዝ በስተደቡብ ስለሆነ ጋርላንድ ላይ አረንጓዴው በሰሜን ምዕራብ፣ ቀዩ በደቡብ ምሥራቅ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይታያሉ። ሱፐርሴሉ (ቶርኔዶ የሚወልደው ተሽከርካሪ ነጎድጓዳማ ደመና) የሚሽከረከረው እዚያ ጋ ነው።

ቀጥሎ ራዳሩ የሚያያቸው ነገሮች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚለካውን ምስል ክፈቱ። የዝናብ ጠብታዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ 1 አጠገብ ነው። ሽክርክሪቱ ላይ ግን ወርዷል። ጨረሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እኛ ጋ ሲደርስ ከመሬት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ እዚያ ከፍታ ላይ የሚሽከረከረው ጣውላና የጣሪያ ስብርባሪ ነው። የሰው ቤት። እዚህ ስደርስ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ቡና ላይ ያወራሁትን ለማረም ሞክሬያለሁ። ቡናውን አብረውኝ የሚጠጡት እትዬ ግን እስከ ዛሬ "ያ ዕውር ራዳር" ይሉታል።