ራባይ ላይ እስከ ዘጠኝ መቁጠር

ከኬንያዋ ሞምባሳ የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ የአገሩ ሚኒባስ ታክሲ፣ ማዜራስ ላይ አውርዶኝ ሄደ። ከዚያ ወደ ራባይ የሚገባው መንገድ ግራና ቀኙ ኮኮናትና ማንጎ ነው። ሞተረኛው እኔን በስዋሂሊ ሲያጫውተኝ ቆይቶ፣ ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች ሲያገኝ ቋንቋውን ቀየረ። ስዋሂሊ "ማጂ" የሚለው ውኃ በእነሱ አፍ "ማድዚ" ሆኖ ሰማሁት። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ብዙ ሰው ይህን አነጋገር፣ ራባይኛን፣ የስዋሂሊ የገጠር ዘዬ ነው ይላል። አይደለም። ሁለቱም የባንቱ ቋንቋዎች ናቸው፣ ዝምድናቸውም የቅርብ ነው፤ ግን እኅትማማች ናቸው እንጂ አንዱ ከሌላው አልተወለደም። ራባዮች በኬንያ የባሕር ጠረፍ ከሚኖሩት ዘጠኝ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ ከጊሪያማ፣ ከዲጎ፣ ከዱሩማና ከሌሎቹ ጋር።

በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለው ሙዚየም ወጣቱን አስጎብኚ "እስቲ በራባይኛ ቁጠርልኝ" አልኩት። የስዋሂሊዎቹ "ሲታ" እና "ሳባ" ከዐረብኛ የመጡ ናቸውና ለእኛ ጆሮ ስድስትና ሰባትን ያስታውሳሉ። እሱ ግን ጣቱን እያጠፈ ሰባት ላይ ሲደርስ "ፉንጋሄ" አለ። ዘጠኝ ላይ "ቼንዳ"። የድሮው ስዋሂሊም ዘጠኝን "ኬንዳ" ይል ነበር፤ ኋላ የዐረብኛው "ቲሳ" ቦታውን ወሰደበት። ሚጂኬንዳ ማለት እንግዲህ "ዘጠኙ መንደሮች" ነው። ስሙ ራሱ የስዋሂሊ አጠራር ነው፤ እነሱ በአፋቸው ሲሉት "ሚድዚቼንዳ" ይሆናል። ከዚህ ስም በፊት ሌላው ሰው "ኒካ"፣ የጫካ ሰዎች፣ ይላቸው ነበር። ልጁ ይህን ቃል ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ግድግዳው ላይ የዮሐን ሉድቪግ ክራፍን ምስል ሳይ ቆም አልኩ። ሰውየው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የተቀመጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ የተከለከለው ሚሲዮናዊ ነው። በምጽዋ በኩል ለመመለስ ሲሞክር ባለቤቱ ሮዚና በረሃ ላይ ያለ ጊዜዋ ወለደች። ሕፃኗ ጥቂት ሰዓት ብቻ ኖረች። አባቷ ያወጣላት ስም የአማርኛ ነው፦ እንባ። በ1844 ሞምባሳ እንደገቡ ደግሞ ሮዚናና ሁለተኛዋ ሕፃን በትኩሳት ሞቱ። ክራፍ በ1846 ከባልደረባው ከሬብማን ጋር ራባይ ሰፈረና የዚህን አገር ቃላት መልቀም ጀመረ። ሬብማን ወደ አገሩ የተመለሰው በ1875 ነው፣ ያውም ዓይኑ ጠፍቶ። የሁለቱ መዝገበ ቃላት በ1887 ሲታተም ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም። እንባ የሚለውን ስም ለአስጎብኚው ፍቺውን ስነግረው ዝም አለ። እኔም ብዙ አልጨመርኩም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካያው ሄድን። ካያ የቀድሞ አባቶች የሰፈሩበትና ዛሬ እንደ ቅዱስ ስፍራ የሚጠበቅ ጫካ ነው፤ ዩኔስኮ እንዲህ ያሉትን የሚጂኬንዳ ካያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸዋል። የራባዩ አንዱ ካያ ሙድዚ ሙቭያ ይባላል፣ "አዲሱ መንደር" ማለት ነው። ጫማችንን አወለቅን፣ ጥቁር ጨርቅ ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። መሬቱ በቅጠል የተሸፈነና ቀዝቃዛ ነው። ሽማግሌው አባት በራባይኛ እየተናገሩ፣ ልጁ ወደ ስዋሂሊ እየመለሰልኝ፣ አያቶቻቸው ከሰሜን፣ ሲንግዋያ ከሚሉት ቦታ፣ በኦሮሞ ከብት አርቢዎች ተገፍተው እንደመጡ አወጉኝ። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ እጄን ይዘው ሳቁ፤ ቂም አልነበረበትም። የከበደኝ ሌላ ነው። ሽማግሌው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ አስተርጓሚዬ ሁለት ጊዜ አስደገማቸው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረው በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነው፤ የጫካውን ዛፎች ስም ግማሹን አያውቀውም። ይህን ሲነግረኝ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይመስለኝም።

ስመለስ መንገድ ዳር ከአንዲት እናት ኮኮናት ገዛሁ። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ እየጣሉ ቆጠሩልኝ፣ ከንፈራቸው "ፉንጋሄ" ላይ ሲደርስ እኔም አብሬያቸው አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና አንድ ፍሬ መረቁልኝ። መልሱን የሰጠችኝ የልጅ ልጃቸው ናት፤ እሷ ሽልንጉን የቆጠረችው በስዋሂሊ ነበር።