ላስቲኩ ከመፈታቱ በፊት

ጅማ ውስጥ አኳሪየም ያለው ሰው አዲስ ዓሣ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ጉፒ የተራባበት ወዳጅ ይሰጠዋል፣ ወይ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ያውም ላስቲክ ውስጥ ተቋጥሮ።

አዲስ ዓሣን ከአዲስ ውሃ ጋር ስለ ማላመድ የሚነገረው ምክር አብዛኛው ከሰፈር ሱቅ ገዝቶ በግማሽ ሰዓት ቤቱ ለሚገባ ሰው የሚሆን ነው። "ላስቲኩን ፍታ፣ ውሃህን ጠብ ጠብ እያደረግክ አንድ ሰዓት አቆይ" ይባላል። ቀኑን ሙሉ ለተጓዘ ዓሣ እኔ ይህን አላደርግም። ምክንያት አለኝ።

ዓሣው ላስቲክ ውስጥ ይተነፍሳል፣ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻም ያስወጣል። የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ (አሲዱ ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል)፣ ሲወርድ ደግሞ አሞኒያው አሞኒየም ወደሚባለው፣ ብዙም ወደማይጎዳው መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው መሃል ተቀምጦ በሰላም ጅማ ይገባል። ጉዱ የሚፈላው ላስቲኩ ሲፈታ ነው። የታፈነው ጋዝ ይወጣል፣ ፒኤች ሽቅብ ይላል፣ አሞኒየሙም ተመልሶ አሞኒያ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ፣ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ግን ከመቶ አምስት ገደማ ነው። እንግዲህ እዚያ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ጠብ ጠብ እያልኩ ላቆየው?

ስለዚህ ሥራዬን የምጨርሰው ዓሣው ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ነው። ሻጩን በመጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋ አይደለም። ዓሣው ካለበት አኳሪየም አንድ ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ በሚመጣ ሰው እንዲልክልኝ እለምነዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። ይሳቅ። ውሃው ሲደርስ በጠብታ መመርመሪያዬ እለካዋለሁ። የወረቀት መመርመሪያው ርካሽ ነው፣ ግን በቀለሞቹ ብዙም አልተማመንም።

የቤቴ የቧንቧ ውሃ ለስላሳ ነው፣ ማለትም የሟሟበት ማዕድን ጥቂት ነው። ኬኤች፣ ማለትም ፒኤችን ደግፎ የሚይዘው የካርቦኔት መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ነው። የሻጩ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ሆኖ 9 ነበር፣ ፒኤቹም 7.8። ከከባድ ውሃ ወደ ለስላሳ በአንድ ጊዜ መግባት ከተቃራኒው ይልቅ ዓሣን ይጎዳል። ውሃ ወደ ሰውነቱ ይገባል፣ ጨው ይወጣበታል፣ ኩላሊቱ ደግሞ ይህን ለማስተካከል ቀናት ይፈልጋል። አንድ ሰዓት የጠብታ ጊዜ እዚህ ላይ ምንም አያመጣም።

ስለዚህ ዓሣውን ወደ እኔ ውሃ ከማምጣት፣ የማቆያውን፣ ማለትም አዲሶቹ ለብቻቸው የሚቆዩበትን አኳሪየም፣ ውሃ ወደ ዓሣው አስጠጋዋለሁ። ለኬኤች የሱቅ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ለ50 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ኬኤችን 4 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ብርጭቆ ውስጥ አሟሙቼ፣ ዓሣው ከመምጣቱ ቀናት ቀደም ብዬ፣ ከፋፍዬ እጨምራለሁ። ሶዳው ካልሲየም አይሰጥም። ለዚያ ደቆ የታጠበ የኖራ ድንጋይ በስቶኪንግ ቋጥሬ ፊልተሩ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ጎረቤቴ "የዝናብ ውሃ ንጹህ ነው፣ ለምን አትጠቀምም?" ትለኛለች። ችግሩ ንጽህናው ነው። ደጋፊ ካርቦኔት የለውም። አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ያለችውን ትንሽ ስለሚጨርሱ ፒኤች ድንገት ይወድቃል።

የቧንቧ ውሃ ውስጥ ዓሣን የሚጎዳ ክሎሪንም አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ጀሪካንና ሮቶ አለን፣ ለዓሣ ደግሞ ይህ ጥሩ ነው። ክዳኑን ከፍቼ፣ የአየር ፓምፕ ሰክቼ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። ክረምት ላይ ውሃው ሲደፈርስና ሽታው ሲጠነክር ሁለት ቀን። ውሃ አጋር የተጨመረበትን የመጠጥ ውሃ ግን ለዓሣ አትስጡ፣ ያው ክሎሪን ነው።

ወደ መንገዱ ልሂድ። ሻጩ ዓሣውን አንድ ቀን አስቀድሞ ምግብ እንዲከለክለው እነግረዋለሁ። ያልበላ ዓሣ ውሃውን ብዙ አያቆሽሽም። ከላስቲኩ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ቀሪው ኦክስጅን፣ ላስቲኩ ድርብ። ከዚያ የፎም ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ላዩ በጋቢ ይጠቀለላል። ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫንም፣ እግሬ ሥር ነው የማስቀምጠው። መንገዱ ላይ አየሩ ይለዋወጣል፦ ጠዋት የአዲስ አበባ ብርድ፣ ወሊሶንና ወልቂጤን ካለፉ በኋላ የጊቤ በረሃ ወበቅ፣ ከዚያ ሰኮሩን ይዞ ሽቅብ።

ጊቤ ላይ አንድ ነገር አለ። ረዳቱ ካርቶኑን አይቶ "ወንድሜ፣ ምንድን ነው የያዝከው?" አለኝ። ዓሣ ነው ስለው ካላየሁ አለ። ስከፍትለት አዲስ አበባ ላይ እንደ ኳስ የተወጠረው ላስቲክ ጨምደድ ብሏል። "ኧረ ተንፍሷል፣ ፍሳሽ አለው!" አለ። የለውም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጊቤ ሸለቆው 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ስንወርድ የአየሩ ግፊት ጨምሮ ላስቲኩን ጨመቀው። ጣቴን በቋጠሮው ዙሪያ አዞርኩ፣ ደረቅ ነው። ቋጠሮው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ላስቲኩ መንገድ ላይ አይነካም።

ቤት ስደርስ መብራት አጠፋለሁ። ላስቲኩን ሳልፈታ ማቆያው ላይ ሃያ ደቂቃ አንሳፍፈዋለሁ፣ ሙቀቱ እንዲስተካከል ብቻ። ከዚያ መቀስ። ውሃውን በመረብ አሳልፌ ባልዲ ውስጥ እደፋለሁ፣ ዓሣው ወዲያው ማቆያ ይገባል። የላስቲኩ ውሃ አንዲት ጠብታ አብራው አትገባም። ለጓሮዬ የቡና ችግኝ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ጉፒዎች እንደገቡ ታች ወርደው ክንፋቸውን ሰብስበው ቆዩ። የመተንፈሻ ክዳናቸው በፍጥነት ይርገበገብ ነበር። ማታ ላይ በባትሪ ሳያቸው አንዷ ቀና ብላ የድንጋዩን አልጌ ትለቅማለች። ያን ምሽት ምግብ የለም።

ትክክለኛው ማላመድ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፣ የሚወስደውም ሳምንታት ነው። በየሳምንቱ ከማቆያው ሩብ ያህሉን ውሃ ቀድቼ ባደረ የቧንቧ ውሃ እተካለሁ። ኬኤች ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ዓሣው ሳይታወቀው የጅማን ውሃ ይለምዳል። ጉፒና ሞሊ ከባድ ውሃ ስለሚወዱ 5 አካባቢ ላይ አቆምላቸዋለሁ።

ለጅማው ወዳጅ ዓሣ ግን የጠብታው መንገድ ይሠራል። መንገዱ አጭር ነው፣ አሞኒያ አልተጠራቀመም። ከፋርማሲ የሚገዛው የግሉኮስ ቱቦ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ስላለው ለዚህ ሁነኛ ነው። በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጌ ሌላ ሥራዬን እሠራለሁ።

የጅማን ከፍታም አትርሱ። 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ አንጻር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በሊትር ይህን ያህል ዓሣ የሚል ቀመር ካያችሁ ቀነስ አድርጉ። የአየር ፓምፔ ሌሊት አይጠፋም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሂተር ግዴታ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ዓሣው ብርድ ልብስ በለበሰ አኳሪየም ውስጥ ሰዓታት ይችላል። ቀድመው የሚሞቱት ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ውሃ ካልፈሰሰላቸው ኦክስጅን አያገኙም። ስፖንጁን አውጥቼ እዚያው አኳሪየሙ ውስጥ፣ በባትሪ የሚሠራው ፓምፕ አረፋ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ከአኳሪየሙ ውጭ የሚቀመጥ የተዘጋ ፊልተር ያላችሁ ደግሞ መብራቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትሰኩት። ውስጡ የታፈነውን ውሃ መጀመሪያ ድፉ፣ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቁ። በማግስቱ አሞኒያንና ባክቴሪያዎቹ ከአሞኒያ የሚሠሩትን ሌላ መርዝ፣ ናይትራይትን፣ ለኩ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ዜሮ ካልሆነ ምግብ ቀንሱ፣ ውሃ ቀይሩ፣ አዲሶቹንም ከነባሮቹ ጋር ለመቀላቀል አትቸኩሉ።