ከምናለሽ ተራ እስከ ጌም ስቱዲዮ፦ ኮንሰፕት አርቲስት የሆንኩበት መንገድ

የእኔ ሥራ ገና ያልተፈጠረን ነገር ሌላ ሰው ሊሠራው እንዲችል አድርጎ መሣል ነው። ጌም ሲታሰብ ሞዴለሩ በስሪዲ (በኮምፒውተር፣ ዙሪያውን በሚታይ ቅርጽ) የሚገነባው ቤት፣ አኒሜተሩ የሚያራምደው አውሬ፣ ተጫዋቹ የሚያነሳው ፋኖስ ሁሉ አስቀድሞ መወሰን አለበት። በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው? ጋሻው ቆዳ ነው ብረት? ተዋጊው ሲሮጥ ሰይፉ ከእግሩ ጋር አይጠላለፍም? ኮንሰፕት አርቲስት ለእነዚህ በሥዕል መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሆኜ ለውጭ ስቱዲዮዎች በርቀት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ሥዕል የሚወዱ ታናናሾቼ መንገዱን ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ በሰፊው ልጻፈው።

መሠረቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ፐርስፔክቲቭ (ርቀትንና ጥልቀትን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማሳየት)፣ የሰው አካል፣ ብርሃንና ጥላ፤ አቋራጭ የለውም። ከሦስቱ ፐርስፔክቲቭን አስቀድሙ፤ ሣጥንን በፈለገው አቅጣጫ አዙሮ መሣል የቻለ ሰው መኪናም ቤተ መንግሥትም አያቅተውም። ለዕቃ ብዙ ገንዘብ አላወጣሁም። ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በብዕር የሚሣልበት፣ ስክሪን የሌለው ርካሽ ታብሌት ገዛሁ፤ ለሥዕል ክሪታ፣ ለስሪዲ ብሌንደር የተባሉ ፕሮግራሞችን ተጠቀምኩ፣ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። መምህሬ ዩቲዩብ ነበር። በተለይ ሲንጋፖር ውስጥ ኤፍዚዲ የተባለውን የዲዛይን ትምህርት ቤት የመሠረተው ፌንግ ዙ በነጻ የለቀቃቸው ረጃጅም ቪዲዮዎች ባለሙያ እየሣለ ምን እንደሚያስብ አሳይተውኛል። ሌሊት ኢንተርኔቱ ሲፈጥን አወርዳቸውና ቀን አያቸው ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የገባኝ ነገር በአንድ እይታ የመለየት ጉዳይ ነው። ተጫዋቹ እየሮጠ፣ እየተተኮሰበት፣ በትንሽ ስክሪን ላይ ወዳጁን ከጠላቱ ወዲያው መለየት አለበት። ስለዚህ ገጸ ባሕርይ ሲሰጠኝ ከፊቱ አልጀምርም። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ዝርዝር የሌላቸው ጥቁር ቅርጾችን ገጹ እስኪሞላ እደረድራለሁ። በጥቁር ቅርጹ ያልተለየን ሰው ቀለም አያድነውም። ይህን የአገራችን ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ ያውቃል። ይህን ሥርዓት ይዤ በአንድ የግል ፕሮጀክቴ ውስጥ የጠላት ወገን ጭምብሎችን በሙሉ ባለ አንድ ዓይን አደረግኋቸው። ስቱዲዮዎች ስለ ፖርትፎሊዮዬ (ለቀጣሪ ስለማሳየው የሥራዎቼ ስብስብ) ሲያነሱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ገጽ ይጀምራሉ።

ሥራዬን የለወጠው ግን መርካቶ ነው። ዓለም ከፈራረሰ በኋላ የተረፉ ሰዎችን የሚያሳዩ ጌሞች ብዙ ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ የማያቸው ዕቃዎች ዝገት የተቀቡ እንጂ ከቁርጥራጭ የተሠሩ አይመስሉኝም ነበር። የመርካቶው ምናለሽ ተራ ደግሞ የተጣለ ብረት በየቀኑ መልሶ የገበያ ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። የሥዕል ደብተሬን ይዤ ተመላለስኩ። በርሜል እንዴት እንደሚፈታ ቆሜ አየሁ፦ ክዳኑ በመሮና በመዶሻ ዙሪያውን ተበጥሶ ይወጣል፣ አካሉ በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀጠቀጣል። የበርሜሉ ክብ መስመሮች ግን ጨርሰው አይጠፉም፤ ተሠርቶ ባለቀው የከሰል ምድጃ ላይ እንደ ጠባሳ ይቀራሉ። አንዱን አዛውንት ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ጠርዙን ለምን ያጥፉታል?» አልኳቸው። «እጅ እንዳይቆርጥ ነዋ! ደግሞ ሳይታጠፍ እሳት ሲነካው ይወላገዳል» አሉኝ፣ መዶሻቸውን ሳያቆሙ። ያች የታጠፈች ጠርዝ ከዚያ ወዲህ በምሥለው የቆርቆሮ ዕቃ ሁሉ ላይ አለች። በረባሶውንም እንዲሁ አጠናሁት፤ የመኪናው ጎማ ጥርስ ጫማው ሥር ሳይጠፋ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ አንድ የስደተኞች ሰፈር አወጣሁ፦ ምድጃ፣ ፋኖስ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የልጆች ጫማ። እያንዳንዱን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ሣልኩ፤ የትኛው ክፍል ከየትኛው የተጣለ ዕቃ እንደመጣ በቀስት እያመለከትኩ ጻፍኩበት። አርቲስቶች ሥራቸውን በሚያሳዩበት አርትስቴሽን በተባለ ድረ ገጽ ላይ ካወጣሁት በኋላ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ጻፈልኝ። የአርት ዳይሬክተሩ ስለ ቀለሙ አንድም ነገር አላነሳም። የውሃ ማጣሪያው ሲሞላ ማን ነው የሚያነሳው? እጀታው ክብደቱን ይችለዋል? አለኝ። ሁለት ሰዎች በአግዳሚ እንጨት ትከሻቸው ላይ ሲሸከሙት ሥዬ ላኩለት። ከዚያ የሙከራ ሥራ፣ ከዚያ ውል።

አሁን ፖርትፎሊዮ የሚልኩልኝ ልጆች እጃቸው ያስደንቃል። የሚበዛው ግን ጦር የያዘ መልከ መልካም ጀግና ነው። እኔ የጀግናውን በቅሎ ማየት እፈልጋለሁ፦ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ ጭነቱ በመጫኛ የታሰረበትን መንገድ። የደብረ ዳሞን ግድግዳ ስትሥሉም ከግንቡ ወጣ ወጣ ያሉት «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ጫፎች ለጌጥ ብቻ እንዳልወጡ፣ ግንቡን አያይዘው የሚይዙ የአግዳሚዎች ጫፍ መሆናቸውን እወቁ። ይህን ያወቀ ሰው አዲስ ቤተ መንግሥት ሲፈጥርም ያምርለታል።

ጊዜው ለጀማሪ ከባድ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ምስል የሚያመነጩ የኤአይ መሣሪያዎች ተስፋፉ፤ በዲሴምበር ወር አርቲስቶች አርትስቴሽንን በተቃውሞ ምስል ሞሉት። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ የሰው የዓመታት ልፋት ባለቤቱ ሳይጠየቅ ለማሽን ማሠልጠኛ መሆኑ ያመኛል። በ2023 እና በ2024 ደግሞ የጌም ስቱዲዮዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰናብተዋል። ስለዚህ ሌላ የገቢ ምንጭ ሳትለቁ ግቡ።

ውል ስትፈርሙ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ማሻሻያ እስከ ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅና ሥራችሁን መቼ ማሳየት እንደምትችሉ። ጌም እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል፤ ሥራውን ለሌላ ላለማሳየት በምትፈርሙት የምስጢር ውል ምክንያት የተከፈላችሁበት ሥራ እስከዚያ ፖርትፎሊዮ ውስጥ አይገባም። የግል ፕሮጀክት የማይቋረጠው ለዚህ ነው። እኔ አሁን የያዝኩት ከኮንሶ እርከኖች የተነሳ ተራራማ ከተማ ነው። የኮንሶ ካብ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ድንጋዩ ያለ ማጣበቂያ ስለሚደረደር ጌሙ ውስጥ ሲናድ ከየት ጀምሮ እንደሚፈርስ በብሌንደር እየሞከርኩ ነው።