ፖስታው

ዛሬ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ልጽፍ ነበር። ከአሞራ ገደል ስመለስ ሊዘንብ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እኔንም ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው። እሁድ ማታ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገኛል።

ግቢ ስገባ ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆማለች። ታውቋታላችሁ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋ የነበረችው። «እህቴ፣ አብረሽኝ ጸልዪ፤ ዘር ልዘራ ነው» ብላ የቤተ ክርስቲያን መስጫ ፖስታ አሳየችኝ። ዘር መዝራት የሚሉት ገንዘብ ሰጥቶ እጥፉን ከእግዚአብሔር መጠበቅን ነው።

ስም፣ ስልክ፣ የጸሎት ርዕስ፣ መጠን ይላል። ርዕሱ ላይ «ሥራ» ብላ ጽፋለች። መጠኑ መጀመሪያ 2,000 ነበር። ሁለቱን ሦስት ለማድረግ ደጋግማ ስትጽፍበት እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። ኪራይዋ 3,000 ነው።

አሜን ብዬ፣ አቅፌያት ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ የማስበው እማዬን ነው። እንጀራ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ቅዳሜ ማታ ገንዘቧን ቆጥራ አሥራቷን በመሀረብ ጫፍ ትቋጥር ነበር። በጥርሷ ነበር የምታጠብቀው። «መቶ እጥፍ ይመለስልኛል» ስትል ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። «የሱ ነው» ትላለች፣ በቃ። በኪራይ ቤት ኖራ በኪራይ ቤት አረፈች። እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ትዘምር ነበር።

የዛሬው ሰባኪ «ድህነት የእምነት ማነስ ነው» አለ። ታዲያ እማዬ ምን ልትባል ነው? ከሷ የበለጠ ያመነ ሰው እኔ አላየሁም።

ጎረቤቴም ብትሆን ሥራዋን ያጣችው እምነቷ አንሶ አይደለም። ታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገቡበት ዕድል፣ አስወጣች። ከቀረጥ ነፃ መላክ ቀረ፣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ እነሷም ተሰናበቱ። ዋሽንግተን የተወሰነን ነገር በዚች ልጅ ኃጢአት ማስላት ግፍ ነው።

ስለ ሁለቱ ሳንቲሞችም ተሰብኳል። ማርቆስ 12 ላይ ያለችው መበለት። ቤት ገብቼ ከፍ ብዬ አነበብኩት። ጌታ ስለሷ ከመናገሩ በፊት የተናገረው የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጻፎች ነው። ያቺን ቁጥር መድረክ ላይ ሲያነቧት ሰምቼ አላውቅም።

ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ. አፍሪካውያን ወንጌላውያን ምሁራን ጋና፣ አክሮፖንግ ተሰብስበው ድህነትንና በሽታን የእምነት ማነስ ምልክት ማድረግ ስሕተት ነው ብለዋል። እግዚአብሔር ተአምር እንደሚሠራ ያምናሉ፤ እኔም አምናለሁ። ግን አንድ ሌላ ነገርም ጽፈዋል፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ለብዙ ድሆች ይህ ስብከት ብቸኛው ተስፋቸው ነው ይላል።

እውነት ነው። እዚያ ቤተ ክርስቲያን እጃቸውን ጭነውባት «ቀንሽ ደርሷል» ይሏታል። እኔ ሦስት ዓመት በአንድ አጥር ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አፈላልጌላት አላውቅም። ቡና ግን ስንቴ አብረን ጠጥተናል።

ፖስታውን ረቡዕ ነው የምትሰጠው። ኪራዩ ሐሙስ ነው። ነገ ጠዋት በሯን ላንኳኳ? ባንኳኳስ፣ ያንን ተስፋ ከእጇ ወስጄ ምን ልሰጣት ነው?