በኩንሚንግ የብሔረሰቦች መንደር ከባይ ሴቶች የተማርሁት የጨርቅ አቀላለም

ጨርቅን እየሰፉና እየቋጠሩ ኢንዲጎ በተባለው ሰማያዊ ቀለም ማቅለም መለማመድ ከጀመርሁ ወዲህ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ፣ ክሩን እስከ ምን ድረስ ማጥበቅ እንደሚገባ መለየት ነበር። ይህ በንባብና በምስል ብቻ የሚገኝ እውቀት ስላልሆነ፣ በቻይና የዩናን ክፍለ ሀገር ከተማ የሆነችው የዳሊ ተወላጅና የባይ ብሔረሰብ አባል ከሆነች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር በዚያው ክፍለ ሀገር በኩንሚንግ ከተማ ወደሚገኘው የዩናን ብሔረሰቦች መንደር ሄድን። በዲያንቺ ሐይቅ ዳርቻ የተሠራው ይህ ፓርክ በ1992 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ በዩናን የሚኖሩትን 25 አናሳ ብሔረሰቦች ቤትና አኗኗር ያሳያል። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ መሯሯጥ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍነው በባይ መንደር ነው።

የባይ ባህላዊ ግቢ በሦስት ወገን ቤቶች፣ በአራተኛው ወገን ደግሞ አንድ ነጭ ግንብ አለው። ግንቡ ለጌጥ ብቻ የቆመ መስሎኝ ሳልፈው ጓደኛዬ አስቁማኝ፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ቤቶቹ እንደሚመልስና አያቷ ስፌታቸውን ይዘው የሚቀመጡት በዚያ ብርሃን እንደሆነ ነገረችኝ። አስጎብኚዎች በወጣት ሴቶች የራስ ጌጥ ላይ ነፋስ፣ አበባ፣ በረዶና ጨረቃ መወከላቸውን ደጋግመው ያስረዳሉ፤ የስፌት መቀመጫውን ጉዳይ ግን ያገኘሁት ከእርሷ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የአገሩን ሰው ይዞ መሄድ የሚበጀው ለዚህ ይመስለኛል።

የባይ ሕዝብ የአቀላለም ጥበብ በ2006 እ.ኤ.አ. በቻይና ብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረ ሲሆን፣ በዳሊ አቅራቢያ ያለችው የጆውቸንግ መንደር በዚህ ሥራ ትታወቃለች። ሴቶቹ በነጭ ጥጥ ላይ በተነደፈው መስመር መርፌውን እያስኬዱ ክሩን ይሸመቅቁታል፤ ከዚያም የተሰበሰበውን ጨርቅ ጠምጥመው ይቋጥሩታል። ጓደኛዬ ይዤ የሄድሁትን ጨርቅ በጥፍሯ ጫን ብላ ሞከረችውና፣ ቋጠሮው እንደ ደረቅ ባቄላ ጠጣር ካልሆነ ቀለም ሾልኮ እንደሚገባ አስረዳችኝ። ስፈልገው የነበረው መለኪያ ይኸው ነበር።

ጨርቁ በንጹሕ ውኃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ወደ ማቅለሚያው ይገባል። ሲወጣ ቢጫማ አረንጓዴ ነው፤ ኢንዲጎ በማቅለሚያው በርሜል ውስጥ ኦክስጅን አጥቶ በውኃ የሚሟሟ ሆኖ ወደ ክሩ ይገባና፣ አየር ሲያገኘው መልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሚፈልግ ሰው ጨርቁን ብዙ ጊዜ እየነከረ በየመካከሉ አየር ማስነካት አለበት፤ አንዴ ነክሮ ለረጅም ሰዓት መተው ያንኑ ውጤት አይሰጥም። በመጨረሻም ስፌቱ በጥንቃቄ ይተረተራል፣ ጨርቁም ይለቀለቃል፤ ክሩ ያጠበቀው ቦታ ነጭ ሆኖ ሲገለጥ፣ ዳር ዳሩ ላይ የመርፌው ዱካ በፈዘዘ ሰማያዊ ይቀራል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን የፈዘዘ ጠርዝ ነው።

በመመለሻችን የዪ ብሔረሰብን የፀሐይ አቆጣጠር አደባባይ አይተናል። በዚህ አቆጣጠር ዓመቱ እያንዳንዳቸው 36 ቀናት ባሏቸው 10 ወራት ይከፈላል፤ የሚተርፉት 5 ወይም 6 ቀናት የዘመን መለወጫ በዓል ናቸው። ስለ ጳጉሜን ለጓደኛዬ ባጫወትኋት ጊዜ በጣም ተደነቀች፤ እኔም የተደነቅሁት ከእርሷ ባላነሰ ነው።

ከጉብኝቱ በኋላ የሰፋሁት የቢራቢሮ ንድፍ ክንፎቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ ቀጫጭኖቹ የአንቴና መስመሮች ግን ገና ይደበዝዛሉ። ቀጥሎ የምሞክረው ከአገር ቤት በመጣልኝ የሸማ ጨርቅ ላይ ነው። ሽመናው ላላ ስለሚል፣ ጓደኛዬ መርፌውን አቀራርቤ እንዳስኬድና ከመቅለሙ በፊት ጨርቁን በሚገባ አጥቤ ክሩን ለማጠንከር የተቀባውን ስታርች እንዳስለቅቅ መክራኛለች፤ በእጅ በተፈተለ ጥጥ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ የስፌታችሁን ርቀት ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።