የስምንት ቀን ጎል

እስቲ ፍረዱኝ። ጎል ጎል ነው አይደል? ኳስ መረብ ውስጥ ከገባ ገባ ነው። ሰው ደስ ሲለው ይነሳል፣ ይጮኻል፣ አጠገቡ ያገኘውን ያቅፋል። እኔም ያደረግኩት ይኼንኑ ነው። ጎሉ ከገባ ስምንት ቀን እንዳለፈው ማን ነገረኝ?

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ ነው። አርሴናል ከባየርን ሙኒክ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ። የአርሴናል ደጋፊ ከሆናችሁ ገና «ባየርን» ስል ሆዳችሁን ቆርጧችኋል። ላልሆናችሁት፣ ባየርን የኛ ዓይነ ጥላ ነው። በፈረንጆቹ 2005 አሰናበተን። በ2013 አሰናበተን። ያኔማ ሙኒክ ድረስ ሄደን 2 ለ 0 አሸንፈን ነው የወደቅነው። ለንደን ላይ 3 ለ 1 ተሸንፈን ስለነበር፣ ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል ይበልጣል ተባልን። በ2014 ደገመን። የ2017ቱን ባላነሳው ደስ ይለኛል። ሙኒክ ላይ 5 ለ 1፣ ለንደን ላይም 5 ለ 1፣ በድምሩ 10 ለ 2። እናቴ ኳስ የሚባል ነገር አታውቅም። ያን ሰሞን ግን ፊቴን አይታ «ልጄ፣ ጸበል ብትጠመቅ ምናለበት?» ብላኛለች። «እማዬ፣ መጠመቅ ያለበት ቡድኑ ነው» አልኳት። ለቡድኑም ጸሎት ያዘች መሰለኝ፣ ግን አልያዘላትም።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነው ብለን ነበር። በየዓመቱ ነው እንዲህ የምንለው። የለንደኑ ጨዋታ 2 ለ 2 አልቋል። የኛው ሳካ ገና በ12ኛው ደቂቃ ከቤን ዋይት የተቀበላትን ኳስ በግራ እግሩ አጥፎ ጥግ ላይ አስቀመጣት። ይቺን ጎል ያዙልኝ። ከዚያ ናብሪ አቻ አደረገ። ናብሪ እኛው ቤት ያደገ ልጅ ነው። ቶተንሃም ላይ አራት ሲያገባ እጃችን እስኪቃጠል አጨብጭበንለት ነበር፣ ውለታችንን እንዲህ መለሰ። ኬን ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ጨመረ። ቶተንሃም እያለ ያቃጠለን አልበቃው ብሎ ጀርመን ሄዶ ጠበቀን። ትሮሳር ባይደርስልን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ለሚጀምር ጨዋታ 2 ተኩል ላይ ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። መግቢያው 30 ብር ሆኗል። ለምን ሲባል ሻምፒዮንስ ሊግ ስለሆነ። አግዳሚ ወንበሩ ግን ያው የድሮው ነው፣ ለአራት ሰው ተሠርቶ ስድስት የሚቀመጥበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ካልተናገርኩ ያመኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የባየርን ደጋፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰፈር ውስጥ አንድም የለም። ቅዳሜ ባየርን ሲጫወት ባለቤቱ ቻናሉን እንኳ አይከፍተውም። አርሴናል ከባየርን ሲጫወት ግን ቤቱ በባየርን ደጋፊ ይሞላል። ከየት መጡ? ማንቼ ናቸው። ቼልሲ ናቸው። የራሳቸው ቡድን ሻምፒዮንስ ሊጉን በወሬ የሚከታተል ሰዎች! አርባ ደቂቃ በታክሲ ሰልፍ ቆመው፣ 30 ብር ከፍለው፣ እንቅልፋቸውን አጥተው የሚመጡት እኛ ስንሸነፍ ለማየት ብቻ ነው። የባየርኑን ጎሬትዝካን ስሙን በትክክል መጥራት የማይችል ሰው «አይዞህ ጎሬዛ!» ሲል እየሰማሁ ነው ያመሸሁት።

ከነዚህ አንዱ ከኔ በስተቀኝ ተቀመጠ። የሰፈራችን የቶርኖ ሠራተኛ ነው፣ ትከሻው ብቻውን የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል። የማንቼ ደጋፊ። አይጮህም፣ አይሳደብም። አፉ ውስጥ ስቴኪኒ ይዞ ዝም ብሎ ያያል። ባየርን ሲያጠቃ ስቴኪኒው ወደ ግራ ጉንጩ ይሄዳል፣ እኛ ስናጠቃ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ከኳሱ ይልቅ ስቴኪኒውን ስከታተል ግማሽ ሰዓት አለፈ። ደግሞ ኹዳዴ ነው እኮ! ሥጋ ቤቱ ሁሉ ከተዘጋ ወር አልፎታል። ሽሮ በልቶ ስቴኪኒ የሚይዝ ሰው ጥርሱ ውስጥ ምን ፈልጎ ነው?

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀና መብራት ጠፋ። ማንም አልደነገጠም። ባለቤቱ ጄኔሬተሩን ለማስነሳት ገመድ ሲስብ፣ እኔ አየር ልውሰድ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ በር ላይ ያለው ልጅ እጁን ዘረጋ። «ከፍያለሁ እኮ!» አልኩት። «የወጣ ሰው እንደ አዲስ ነው» አለኝ። ልከራከረው ስል ከውስጥ ብርሃን ቦግ አለ። ጨዋታው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ሌላ 30 ብር ወርውሬ ገባሁ።

አሁን በደንብ ስሙኝ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታይ። ጄኔሬተሩ አቅም ስለሌለው ስፒከሩ አልተከፈተም፣ ድምፅ የለም። ውጤትና ሰዓቱ የሚጻፍበት የስክሪኑ ጥግ ላይ ባለቤቱ «ማጨስና መቃም ክልክል ነው» የሚል ካርቶን አንጠልጥሏል። ቦታዬ ላይ ቂጤን ሳሳርፍና ቀና ስል፣ ሳካ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ኳሷ መጣችለት። በግራው አጠፋት። በረኛቸው ኖየር ተዘረጋ። ገባች!

ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። ወንበሩ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ። በቀኜ ያለውን ጭንቅላት በሁለት እጄ ያዝኩና ራሰ በራውን ጮክ አድርጌ ሳምኩት። ከዚያ ወደ ደረቴ ጎትቼ አቀፍኩት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሌላ ድምፅ አልነበረም። የራሳችን ሰዎች እንኳ ተቀምጠው ያዩኛል። ከኋላ አንድ ልጅ በጣም በትሕትና «ብራዘር፣ የባለፈው ሳምንት ሃይላይት ነው» አለኝ።

ሳቁን አልነግራችሁም። ሲስቅ ከወንበር የወደቀ አለ። የቶርኖው ሰውዬ ግን አልሳቀም። ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣ። ግማሹን። ሌላኛው ግማሽ እኔ ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ተገኘ። ሁለቱን መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስተኝቶ አያቸው። የሥራ ነገር ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ይለካቸው ጀመር። ሰው ከየወንበሩ ተነስቶ ሊያይ መጣ። አንዱ የስልኩን መብራት አበራላቸው። አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ባለቤቱ እየተጋፋ ገብቶ «ምንድነው የተሰበረው? ወንበር ነው?» አለ፣ ስቴኪኒ መሆኑ ሲነገረውም ፊቱ አልተፈታም። ከጓዳ ሙሉ ብርጭቆ ስቴኪኒ አስመጣና አቀረበለት። ሰውዬው ብርጭቆውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «የኔው ይሻለኝ ነበር» አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አልኩት።

«ቁጭ በል፣ ጨዋታው ይጀምራል» አለኝ።

ተጀመረ። በ63ኛው ደቂቃ ኪሚሽ በጭንቅላቱ ገጨው። ይኼኛው ሃይላይት አልነበረም። ተከላካዮቻችን የት ነበሩ አትበሉኝ፣ እኔም ፈልጌያቸው አጣኋቸው። ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ። የቶርኖው ሰውዬ ረጋ ብሎ ተነሳ። ጭንቅላቴን በሁለት መዳፉ ያዘና ግንባሬን ሳመኝ።

«አንተ ልጅ፣» አለኝ፣ «ይሄ የዛሬ ነው።»

1 ለ 0 አለቀ። እንደገና ባየርን፣ እንደገና ስንብት። ይህንንስ ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት የሰፈሩን ነው። ጠዋት ባለሱቁ ዳቦ እየቆጠረ «ሳካ ዛሬም አገባ እንዴ?» አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ አንገቴ ላይ አድርጎ ጠየቀኝ። ከዚህ የከፋው የስቴኪኒው ወሬ ነው። አፍ ለአፍ ሲዞር ሳምንት ሳይሞላ ስቴኪኒው ጥርስ ሆነ። እናቴ ከሴቶች እድር ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ «የሰው ጥርስ ሰብረሃል አሉ?» ብላ ተቀበለችኝ። «ስቴኪኒ ነው እማዬ!» አልኳት። «በጾም?» አለች። እኔም የገረመኝ እሱ ነው! ግን ማን ይሰማኛል። «ሚስቱ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ፣ ዛሬውኑ ሄደህ ይቅርታ በለው» ብላ አስማለችኝ።

አንድ ፓኬት ስቴኪኒ ገዝቼ ቶርኖ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሰውዬው ማሽኑን አጥፍቶ ተቀበለኝ። ፓኬቱን ከፈተ፣ አንዷን መዞ ወደ ብርሃን አንስቶ አያት፣ ቀጥ ማለቷን አረጋገጠና አፉ ውስጥ ከተታት። የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም፣ ሻይ ግን ጋበዘኝ።

የስቴኪኒው ነገር በዚሁ አለቀ። ያላለቀው የኔ ሁለተኛው 30 ብር ነው። ሰው ለአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው በየት አገር ነው? ቅዳሜ ባለቤቱ ዘንድ ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ጥያቄዬን በጥሞና ሰማኝ፣ ሂሳብም የሚያሰላ መሰለ።

«ምን በደልኩህ?» አለኝ። «ሁለት ጨዋታ አይተህ ሁለት ጨዋታ ከፈልክ።»