የዲስኒ ወርልድ የምግብ ፕላን ለማን ያዋጣል? በዕድሜና በጾም የሠራሁት ስሌት

ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ወደሚገኘው ዋልት ዲስኒ ወርልድ ለመሄድ ከዲስኒ ሆቴሎች አንዱን የሚይዝ ቤተሰብ ክፍሉን እንደመረጠ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፦ የምግብ ፕላን ይጨመር ወይስ ይቅር? ምግቡን ከወዲሁ ከፍሎ መገላገል ደስ ይላል። እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት ከሬስቶራንቶቹ ሜኑ ሳይሆን ከቤተሰቡ ዕድሜና ከጾም ካሌንደር ነው። ስሌቱን ከነቁጥሩ አስቀምጣለሁ፤ የራሳችሁን ቤተሰብ ቁጥር እያስገባችሁ ድገሙት።

ፕላኑ በ2020 ተቋርጦ ጥር 9 ቀን 2024 (በፈረንጆቹ) ተመልሷል። ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ኩዊክ ሰርቪስ የሚባለው ሲሆን ለእያንዳንዱ ሰው በአንድ ሌሊት ሁለት የካውንተር ምግብ፣ አንድ መክሰስና ለቆይታው በሙሉ አንድ የሚሞላ ኩባያ ይሰጣል። ውዱ ፕላን አንድ የካውንተር ምግብ፣ አንድ አስተናጋጅ ባለበት ሬስቶራንት ተቀምጠው የሚበሉት ምግብ፣ አንድ መክሰስና ያንኑ ኩባያ ይሰጣል። በ2024 ርካሹ ለአዋቂ 57.01 ዶላር፣ ለልጅ 23.83 ነበር፤ ውዱ ለአዋቂ 94.28፣ ለልጅ 29.69። ሁሉም በአንድ ሌሊት ነው፤ ታክሱም ውስጡ ነው። ዋጋው በየዓመቱ ይለወጣል፤ አሠራሩ ግን ያው ስለሆነ ስሌቱን በእነዚህ ቁጥሮች እሠራለሁ።

መጀመሪያ ሰው የሚሳሳተው ቀን መቁጠር ላይ ነው። ፕላኑ የሚቆጥረው ሌሊት ነው። አምስት ሌሊት ካደራችሁ ፓርኩ ውስጥ የምትውሉት ስድስት ቀን ሊሆን ይችላል፤ የምግቡ ክሬዲት (እያንዳንዱ አንድ ምግብ ወይም መክሰስ የሚወሰድበት ሒሳብ) ግን የአምስት ነው። ክሬዲቱ በየቀኑ ተከፋፍሎ አይሰጥም፣ ሆቴል ስትገቡ አንድ ላይ ይመጣል፤ በፈለጋችሁት ቀን ማብዛትና ማሳነስ ትችላላችሁ። ከሆቴሉ በምትወጡበት ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ግን የተረፈው ሁሉ ይቃጠላል፤ ወደ ገንዘብ አይቀየርም።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ ሒሳቡን የሚወስነውም እሱ ነው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ፕላን አያስፈልገውም፤ ከወላጁ ሳህን ይበላል፣ ቡፌም በነፃ ይገባል። ከ3 እስከ 9 ዓመት የልጅ ዋጋ ነው። 10 ዓመት የሞላው ልጅ የአዋቂ ዋጋ ይከፈልበታል፤ ግማሽ ሳህን የሚያስተርፍ ቢሆንም። በአንድ ሪዘርቬሽን ውስጥ ያሉት 3 ዓመት የሞላቸው ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ፕላን መያዝ አለባቸው። አባት ይያዝ፣ እናት ትቅር የሚባል ነገር የለም።

እናት፣ አባት፣ የ11 ዓመት ልጅና የ6 ዓመት ልጅ ይዤ ላስላ። የአምስት ሌሊት ኩዊክ ሰርቪስ፦ ሦስት አዋቂ (የ11 ዓመቱ እዚህ ውስጥ ነው) በ57.01፣ አንድ ልጅ በ23.83፣ በሌሊት 194.86 ዶላር፣ ለአምስት ሌሊት 974.30። ውዱ ፕላን በዚሁ ስሌት በሌሊት 312.53፣ ለአምስት ሌሊት 1562.65 ይደርሳል።

ይህንኑ ምግብ በጥሬ ገንዘብ ብትገዙስ? ለስሌቱ የያዝኩት ግምት እንዲህ ነው፦ የአዋቂ የካውንተር ምግብ 15 ዶላር፣ ለስላሳ 5፣ መክሰስ 6.50፣ የልጅ ምግብ ከነመጠጡ 8፣ ኩባያው 22 ዶላር ለአምስት ሌሊት ተካፍሎ፣ ታክሱ 6.5 በመቶ። አዋቂው ሁለት ጊዜ ከነለስላሳው በልቶ፣ መክሰሱንና ኩባያውን ጨምሮ በቀን 54 ዶላር ገደማ ያወጣል። ፕላኑ 57 ነው፤ ሦስት ዶላር ያህል ይከስራል። ልጁ በጥሬ ገንዘብ ወደ 28.65 ይወጣለታል፤ ፕላኑ 23.83 ስለሆነ አምስት ዶላር ያህል ያተርፋል። የዚህ ቤተሰብ ሒሳብ ተቻችሎ በአምስት ሌሊት 18 ዶላር ገደማ ይጎድላል። ይህ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም፤ ሒሳቡን ከወዲሁ ማወቅ የሚያሳርፈው ሰው ቢገዛ አይፈረድበትም።

ያ ሁሉ ግን አዋቂዎቹ በየምግቡ ለስላሳ ወይም ቢራ ሲጠጡ ነው (21 ዓመት ለሞላው ሰው የአልኮል መጠጥም በምግቡ ይካተታል)። ብዙ የኛ ቤተሰብ ከምግብ ጋር የሚጠጣው ውሃ ነው። በዲስኒ የካውንተር ምግብ ቤቶች ደግሞ በረዶ ያለው ውሃ በኩባያ ከጠየቃችሁ በነፃ ይሰጣችኋል። ለስላሳውንና የሚሞላውን ኩባያ ከስሌቱ ሳወጣ የአዋቂው የቀን ወጪ ወደ 39 ዶላር ወረደ። በአንድ አዋቂ 18 ዶላር፣ በሦስቱ 54፣ በአምስት ሌሊት 272 ዶላር ላልጠጣችሁት መጠጥ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ኩባያውን እንደ ስጦታ አትቁጠሩት። የሚሞላው በዲስኒ ሆቴሎች ነው፤ ፓርኩ ውስጥ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ፓርክ ለሚውል ቤተሰብ ጠዋት አንድ ቡና ማታ አንድ ሻይ ካገኘበት ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ። አሜሪካ ላለ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ይህ ከዋጋው በፊት የሚታይ ነገር ነው። የሰመር ዕረፍት መጀመሪያ ላይ የሐዋርያት ጾም አለ፤ እስከ ሐምሌ 5፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ይደርሳል። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ፍልሰታ ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ትንንሾቹም የሚጾሙት ነው። መሐል ላይ የሚቀረው ከጁላይ 13 እስከ ኦገስት 6 ያለው ነው፤ እሱም ረቡዕና ዓርብ አለበት። ፕላን መግዛት የሚያስብ ቤተሰብ ጉዞውን እዚህ ውስጥ ቢያደርግና ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ቢይዝ የጾሙ ቀን አንድ ረቡዕ ብቻ ይሆናል።

በጾም ቀን ሒሳቡ የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አዋቂ በቀን የሚበላው አንድ ጊዜ ከመክሰስ ጋር ነው፤ ያ በጥሬ ገንዘብ 23 ዶላር ገደማ ነው፣ ለፕላኑ ግን 57 ከፍሏል። ሁለተኛው ምርጫው ነው። የዲስኒ ሜኑዎች ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለበት ነው፤ ለጾም ከዚህ የተሻለ ምልክት አይገኝም፣ ማሩ ለኛ ባይከለከልም። ምልክቱ ግን የሚናገረው ስለ ምግቡ ይዘት ነው፤ የተጠበሰ ነገር ከሆነ ዘይቱ ከዶሮ ጋር የጋራ እንዳይሆን ጠይቁ። ውዱን ፕላን የያዘ ሰው ደግሞ የከፈለው ለጣፋጩም ጭምር ነው፤ አብዛኛው ጣፋጭ ቅቤ ወይም እንቁላል ስላለበት በጾም ቀን ገንዘቡ እዚያው ቀረ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት አያቶችን የሚመለከተው ነው። ከአገር ቤት የመጡ እማማ በአንድ ሪዘርቬሽን ውስጥ ከገቡ ለእሳቸውም ሙሉ የአዋቂ ፕላን ይገዛል። በውዱ ፕላን አምስት ሌሊት 471.40 ዶላር ነው፤ እሳቸው በቀን አንዴ ሾርባና ሰላጣ ቢቀምሱ ነው። ሁለት ክፍል የምትይዙ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለአያቶቹ ክፍል ለብቻው ሪዘርቬሽን አድርጉና ያለ ፕላን ተዉት።

ወደ ውዱ ፕላን ልመለስ፤ ሰው ዋጋውን አይቶ ይሸሻል እንጂ ትርፍ ያለው እዚህ ነው። ከአዋቂው 94.28 ላይ የካውንተሩን ምግብ ከነለስላሳው፣ መክሰሱንና ኩባያውን ስቀንስ ተቀምጦ ለሚበላው ምግብ የሚቀረው 61 ዶላር ገደማ ነው። ከልጁ 29.69 ላይ በዚሁ መንገድ ስቀንስ የሚቀረው ዘጠኝ ዶላር ተኩል ነው። ዘጠኝ ተኩል! ሚኪ ማውስና ጓደኞቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ ልጆቹን የሚያቅፉበት የቼፍ ሚኪስ የራት ቡፌ በ2024 ለአዋቂ 66 ዶላር፣ ለልጅ 42 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ክሬዲት በላይ አይወስዱም። እዚያ አዋቂው ዘጠኝ ዶላር ያህል ሲያተርፍ ልጁ ብቻውን ከነታክሱ 35 ዶላር ያተርፋል። አኒማል ኪንግደም በሚባለው የዲስኒ ፓርክ ውስጥ ያለው ታስከር ሃውስም እንዲሁ ቡፌ ነው። አዋቂው የ28 ዶላር ምግብ አዝዞ ጣፋጭና ለስላሳ በሚጨምርበት ተራ ሬስቶራንት ግን እያንዳንዱ አዋቂ 15 ዶላር ያህል ይከስራል።

ለዚህ ቤተሰብ ሳሰላው ከአምስቱ ምግብ ሁለቱ እንዲህ ያለ ቡፌ፣ ሦስቱ ተራ ከሆኑ ሒሳቡ እኩል ይመጣል። ሦስቱ ቡፌ ከሆኑ ትርፍ አለ። ልጆቹ ሁለቱም ከ10 ዓመት በታች ቢሆኑ ትርፉ ይበዛል። ለ2026 ደግሞ ዲስኒ አዋቂዎቹ ፕላን ከገዙ ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ፕላኑን በነፃ አድርጎታል፤ በዚያ ዓመት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሒሳቡን ሳይሠራ «ውድ ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም። ሲግኒቸር ለሚባሉት ውድ ሬስቶራንቶችና በሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ላለው ሲንደሬላስ ሮያል ቴብል ግን ለአንድ ምግብ ሁለት ክሬዲት ይቆረጣል።

ፕላኑ የማይከፍለው ቲፕ ነው። ከላይ ባልኩት ቡፌ የዚህ ቤተሰብ ምግብ 240 ዶላር ይሆናል፤ 18 በመቶው 43.20 ነው፣ ከኪስ። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ 18 በመቶው ራሱ ደረሰኙ ላይ ይገባል። አምስት ጊዜ ለምትቀመጡ 200 ዶላር ለቲፕ ብቻ ለዩ።

ጠረጴዛ ካልያዛችሁ ደግሞ ክሬዲቱ ወረቀት ነው። ሪዘርቬሽን የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ጠዋት 12 ሰዓት (በፈረንጅ 6 ሰዓት) በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ነው። የዲስኒ ሆቴል እንግዳ ከገቢው ቀን 60 ቀን ሲቀረው እስከ አሥር ቀን የሚደርስ የቆይታውን ምግብ በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላል። ቡፌዎቹን አስቀድሙ፣ ተራዎቹ ይደርሳሉ። ከተገኘ በቆይታችሁ መጨረሻ አካባቢ ያሉትን ቀኖች ፈልጉ፤ ያኔ የሚፎካከራችሁ ሰው ያንሳል። ካልሄዳችሁ በነፍስ ወከፍ 10 ዶላር ይቆረጣል፤ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ከሰረዛችሁ ግን አይነካችሁም። ለአንድ ቡፌ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ፤ የጨዋታ ወረፋ የያዛችሁበትን ሰዓት ከዚህ ጋር አታጋጩ።

ክሬዲቱን ስታወጡ የሚጠፋው ገንዘብ በትንንሽ ነገር ነው። ስልክ ላይ ማይ ዲስኒ ኤክስፒሪየንስ በሚባለው የዲስኒ አፕ ስታዝዙ ክፍያው ላይ ስትደርሱ የምግብ ፕላኑን ራሳችሁ ምረጡ፤ ካልመረጣችሁ ካርዳችሁ ይከፍላል። የካውንተር ክሬዲት በቁርስ አታውጡ፤ ቁርስ ርካሽ ነው፣ ክሬዲቱ ግን ለምሳም ለራትም ያው አንድ ነው። መክሰሱንም በታሸገ ውሃ አትፍጁት፤ የክሬዲቱ ምልክት ካለባቸው መካከል ከ6 ዶላር በላይ የሚሸጠውን ፈልጉ። ኤፕኮት በሚባለው ፓርክ ውስጥ ፌስቲቫል ካለ የየአገሩን ምግብ የሚሸጡት ድንኳኖች ብዙዎቹ የመክሰስ ክሬዲት ይቀበላሉ፤ ጥሩ ምግብ የሚገኘውም እዚያ ነው። ሁልጊዜ ማታ የቀረውን በአፑ አይታችሁ ተኙ፤ በመጨረሻው ቀን አሥራ አንድ መክሰስ ተርፎ ከረሜላ ሲገዛ ማየት የተለመደ ነው።

ቁርሱን ክፍል ውስጥ ጨርሱት። የዲስኒ ሆቴል ክፍል ትንሽ ፍሪጅ አለው። ምግብ ይዞ ፓርክ መግባትም ይፈቀዳል፤ የጠርሙስ ዕቃ፣ አልኮልና ልቅ በረዶ ግን አይገባም፤ በበረዶው ፋንታ ውሃውን በፕላስቲክ አቀዝቅዛችሁ ያዙ። የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ከ61 በ38 በ46 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። ማሞቅ የሚፈልግና ሽታው ኃይለኛ የሆነ ምግብም ስለማይፈቀድ ወጡ ቤት ይቅር፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦና በሶ ግን ማንም አይነካባችሁም። ለጾም ቀን ከዚህ የሚሻል የለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቅጠል ምልክት ፍለጋ ወረፋ ከመያዝ ጥላ ሥር ተቀምጦ በሶ መበጥበጥ ይፈጥናል።

ዋናው ፍላጎታችሁ ወጪውን ቀድሞ መቁረጥ ከሆነ ያለ ፕላንም ይቻላል። የፕላኑን ዋጋ አስሉ፣ በዚያው ልክ የዲስኒ ጊፍት ካርድ ግዙና ምግቡን ሁሉ በእሱ ክፈሉ። ገንዘቡ በሌሊት አይቆጠርም፣ በዕድሜ አይከፋፈልም፣ በመውጫው ቀን እኩለ ሌሊት አይቃጠልም፤ ቲፑንም ይከፍላል። ውሃ ለሚጠጣውና ሁለት አዋቂ፣ አንድ የ11 ዓመት፣ አንድ የ6 ዓመት ልጅ ላለበት ቤተሰብ የ974 ዶላር ካርድ ገዝታችሁ በኩዊክ ሰርቪሱ ልክ ብትበሉ መጨረሻ ላይ 270 ዶላር ገደማ ካርዱ ላይ ይቀራል።